ወንድሜ ባልሠራው ወንጀል ተከሰሰ፤ ከየት እንጀምር?

ታላቅ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በውንብድና ተከሷል። ክሱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የአንድን ሰው ቦርሳ በኃይል ቀምቷል ይላል። ተበዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ከተሰለፉ ሰዎች መሀል «እሱ ነው» ብሎ አመልክቶታል። ወንድሜ ግን በዚያ ሰዓት መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ላይ ነበር። ነገሩ ከሆነ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። አሁን በዋስ ወጥቷል።

ቤታችን ውስጥ ሁሉም የየራሱን ይላል። መርማሪው «ና ትንሽ እናውራ፣ ቶሎ ያልቅልሃል» እያለ ይደውልለታል። ወንድሜም «ምንም አላደረግሁም፣ ባወራ ምን እሆናለሁ?» ባይ ነው። እናታችን ተበዳዩ ቤት ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ ትላለች። አጎታችን ደግሞ የሥራ ቦታው ጣጣ ስለሚበዛ «ቤት አብሮን ነበር ብለን እንመስክርለት» ይላል። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ምን እናድርግ?

የቆየ ጠበቃ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከተከሳሽ ጎን ቆሜያለሁ፤ የጻፍሽውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልነግርሽ አልችልም። የየአገሩ ሥነ ሥርዓት ይለያያልና ጉዳዩን የሚይዝላችሁ ጠበቃ ዛሬ ነገ ሳትሉ ያዙ። አቅም ከሌላችሁ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ፤ ተከላካይ ጠበቃ የሚመደብበት መንገድ አለ።

የአጎትሽን ሐሳብ ግን አሁኑኑ አስቁሚ። የሐሰት ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ እውነተኛውን መከላከያ መግደሉ ነው። ወንድምሽ ሥራ ላይ ነበርኩ ይላል፤ አጎትሽ ቤት ነበር ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የትኛው ነው ውሸቱ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የመጋዘኑን መዝገብ ማን ያምናል? እናትሽም አይሂዱ። በቅንነት ቢሄዱም ምስክር ማባበል ወይም ማስፈራራት ተብሎ የልጃቸውን ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል።

ወንድምሽ «ባወራ ምን እሆናለሁ» ያለውን በደንብ አውቀዋለሁ። ብዙ የሚያወራው ንጹሕ ሰው ነው። አንድ ደንበኛዬ በጭንቀት «ሦስት ሰዓት ላይ እቤት ገብቻለሁ» አለ። ኋላ ስልኩ ሲታይ በሦስት ሰዓት ተኩል ገና መንገድ ላይ ነበር። ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቦታ ጋር ምንም የሚያገናኘው አልነበረም። ሰውየው በሰዓት ተሳስቶ ነው። ችሎት ላይ ግን ለግማሽ ቀን የተወራው ስለዚያች ግማሽ ሰዓት ነበር፤ «ዋሽቷል» እየተባለ። ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር ወይም ጥፋተኛነቱን እንዲያምን አይገደድም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ላይ በግልጽ ተጽፏል። ያም ሆኖ ዝም ማለት ሁሉም ቦታ ዋጋው አንድ አይደለም። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሕግ፣ ተከሳሹ ፖሊስ ሲጠይቀው መናገር የሚገባውን ነገር ሳይናገር ቆይቶ ችሎት ላይ ካነሳው፣ ፍርድ ቤቱ ከዝምታው ተነስቶ በእሱ ላይ መጥፎ ግምት እንዲወስድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለመርማሪው መልሱ «ጠበቃዬ ባለበት እመጣለሁ» ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ መጋዘኑ። የጥበቃ ካሜራ ቅጂ ዘላለም አይቀመጥም፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ቅጂው እንዳይጠፋ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነገ ጠዋት ይግባ። ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ፣ ተቀባዩ ፈርሞበት፣ የደብዳቤው አንዱ ቅጂ እጃችሁ ይቅር። የመግቢያና የመውጫ መዝገብ፣ የፈረቃ ጓደኞቹ፣ በዚያ ሰዓት የላካቸው መልእክቶች ሁሉም ይያዙ። ስልኩ ላይ ምንም እንዳያጠፋ ንገሪው። በብዙ አገር ደግሞ «ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚል ተከሳሽ ይህንን ለዐቃቤ ሕግ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ለመጨረሻ ቀን የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ብርሃን ፈላጊ፦

ግን ተበዳዩ በዓይኑ አይቶታል እኮ። በዓይን ምስክር ላይ ምን ይባላል?

የቆየ ጠበቃ፦

ብዙ ይባላል። ተበዳዩ ላይዋሽ ይችላል፤ ከልቡ ሊሳሳት ይችላል። ለንደን ውስጥ አዶልፍ ቤክ የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ጌጣቸውን የተታለሉ በርካታ ሴቶች አንድ በአንድ «እሱ ነው» ብለው ጠቆሙበት፤ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ በ1904 ያው ነገር ደገመበት። ቅጣቱን ሲጠባበቅ እውነተኛው አታላይ ከሌሎች ሴቶች አታልሎ የወሰደውን ቀለበት በመያዣ አስይዞ ገንዘብ ሊወስድ ሲል ተያዘ። እንግሊዝ በ1907 የወንጀል ይግባኝ ችሎት እንድታቋቁም ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጠበቃችሁ ችሎት ላይ ለተበዳዩ የሚያቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ «ዋሽተሃል» አይሁን። ብርሃኑ ከየት ይመጣ ነበር? ስንት ሜትር ርቀት? ፊቱን ያየኸው ለስንት ሰከንድ ነው? መሣሪያ ይዞ ነበር? ሰው መሣሪያ ሲደገንበት ዓይኑ ፊት ላይ ሳይሆን መሣሪያው ላይ ይተከላል። ከሰልፉ በፊት ፎቶ አሳይተውት ነበር? ሰልፉን የመራው ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ ተበዳዩ በዚያች ሌሊት የሰጠው የመጀመሪያ ቃል ይፈለግ። «ረጅም፣ ጢማም» ብሎ ከሆነና ወንድምሽ አጭር ከሆነ፣ ከዚያ ወረቀት የበለጠ ምስክር የለም።

በነጻ የወጣሁ፦

እህቴ፣ እኔ ተከስሼ ስምንት ወር ተመላልሻለሁ። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል» ሲሉኝ አንድ ቀን ልፈርም ብዕር አንስቼ ነበር። ጠበቃዬ እጄን ይዛ «መጀመሪያ ያላቸውን ማስረጃ እንይ» አለችኝ። ስናየው ዋናው ምስክር በሁለት ቦታ የሰጠው ቃል አይገጥምም ነበር። ጥፋት ላለበት ሰው ድርድር ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችላል፣ አልቃወምም። ወንድምሽ ግን ደክሞት እንዳይፈርም አጠገቡ ሁኚ። ቀጠሮ በቀረበ ቁጥር ምግብ አልበላ ይለዋል፤ እኔን እንደዚያ አድርጎኝ ነበር።

ታላቅ እህት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከጠበቃ ጋር ሄደን ደብዳቤውን አስገባን። ካሜራው የሚይዘው የ14 ቀን ነው አሉን፤ አምስት ቀን ቀርቶት ደረስን። ጥበቃው ደግሞ ደብተሩን አወጣልን። ወንድሜ በዚያች ሌሊት ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ የመጋዘን ቁልፍ ፈርሞ ወስዷል። ፊርማውን ሳየው እንባዬ መጣ። አጎቴ ተቆጥቷል፣ ግን ተወው። የተበዳዩን የመጀመሪያ ቃል ገና አላገኘንም።

የቆየ ጠበቃ፦

ያንን ገጽ ጠበቃችሁ ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱት። ከላይና ከታች ያሉት ፊርማዎች የሌላ ሰው ቢሆኑም አብረው ይታዩ። ኋላ ላይ የተጨመረ ነው እንዳይባል።