ፊኛው ፈንድቶ እየወረደ ሲግናሉ ጠፋ፣ ወዴት ልንዳ?

ሶንድ ፈላጊ፦ እባካችሁ ቶሎ! ስከታተለው የነበረው ራዲዮሶንድ (በፊኛ ተንጠልጥሎ የአየር ሁኔታ እየለካ መረጃውን በራዲዮ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) አሁን ተቋረጠብኝ። የመጨረሻው መረጃ፦ ከፍታ 2,400 ሜትር፣ ቁልቁል በሰከንድ 7 ሜትር፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሰከንድ 11 ሜትር። ጠዋት ትንበያው የሚወድቅበትን ያሳየኝ ግን ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነበር። ትንበያው ተበላሽቷል? መኪና ውስጥ ነኝ።

ደመና፦ ትንበያውን እንደገና አስላው።

ሰማይ ጠባቂ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ተረዳ። ፊኛው በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ነው የሚወጣው፤ 30 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 100 ደቂቃ ይፈጅበታል። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እየተነፋ ይሄዳል። 30 ኪሎ ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ መቶኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ላስቲኩ ከዚያ በላይ መለጠጥ ሲያቅተው ይፈነዳል። ልክ እንደፈነዳ አየሩ ስስ ስለሆነ ሶንዱ በጣም ይፈጥናል፣ ወደ መሬት ሲቀርብ ፓራሹቱ አየር ያገኝና ይረጋጋል። ትንበያ ማለት እነዚህን ፍጥነቶች ከየከፍታው የንፋስ ትንበያ ጋር ማዳመር ነው። በ1930 የሶቪየቱ የአየር ሁኔታ ሊቅ ሞልቻኖቭ የራሱን ራዲዮሶንድ ሲያስወነጭፍ ይህ ሁሉ መረጃ በእጅ አልነበረም፤ ዛሬ ጂፒኤሱ በየሰከንዱ ቦታውን ይነግርሃል።

አንቴና፦ ገጹን አድስና ትንበያውን እንደ አዲስ አስላ፣ ለእኔ ሁሌም ይሠራል።

ሶንድ ፈላጊ፦ አድርጌዋለሁ! ሲግናል ከሌለ ምን አዲስ ነገር ያሰላል?

ጎራ ለጎራ፦ ንፋስ ያመጣውን ንፋስ ወሰደው 😄 አይዞህ፣ መሬት ላይ ሆኖም ለሰዓታት ማሰራጨቱን ሊቀጥል ይችላል። ግን ሣር ውስጥ ከተኛ ሲግናሉ ሩቅ አይሄድም፤ ወደ አካባቢው ቀርበህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥተህ አዳምጥ። መቀበያውን ከዚያው ፍሪኩዌንሲ አታንቀሳቅሰው።

የንፋስ ልጅ፦ እኔ ግን ትንበያው ተበላሽቷል በሚለው አልስማማም። ስንት ላይ ፈነዳ?

ሶንድ ፈላጊ፦ 23 ሺህ ሜትር ላይ።

የንፋስ ልጅ፦ በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። የጠዋቱ ስሌት 30 ሺህ ይደርሳል ብሎ ነው የተነሣው። የቀረውን 7 ሺህ ሜትር ለመውጣት ብቻ 23 ደቂቃ ያህል ያስፈልገው ነበር፣ ያን ሁሉ ጊዜ የላይኛው ንፋስ ወደ ምሥራቅ ይገፋው ነበር። ስለዚህ የጠዋቱን ነጥብ እርሳው፣ የመጨረሻውን ነጥብ ያዝ። አሁን ዋናው ነገር፦ 2,400 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ ነው። እዚያ ያለው መሬት ራሱ ስንት ነው?

ሶንድ ፈላጊ፦ ካርታው 1,800 ይላል።

የንፋስ ልጅ፦ እንግዲህ የቀረው 600 ሜትር ብቻ ነበር። 600 ለ7 ሲካፈል 86 ሰከንድ፣ በ11 ስታባዛው 940 ሜትር ገደማ። ከመጨረሻው ነጥብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። መሬቱን ዜሮ አድርገህ ብታሰላ ግን 3.8 ኪሎ ሜትር አልፈህ ትሄድ ነበር።

ሰማይ ጠባቂ፦ ስሌቱ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። መሬት አጠገብ ንፋሱ በሰበቃ ይደክማል፣ አቅጣጫውንም ይቀይራል። ፍለጋውን ከ940 ሜትሩ ወዲህ፣ ወደ መጨረሻው ነጥብ በኩል ጀምር፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝም ሰፋ አድርገህ እይ።

ደመና፦ ትንበያውን ከመጨረሻው ነጥብ አስላው ማለቴ ነበር።

ጎራ ለጎራ፦ የሰው ማሳ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅድ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ክሩን እንኳ እንዳትነካ፤ ለመብራት ሰዎች ደውልላቸው።