የጭስ ጥያቄ የሌለባቸውን አገሮች የኃይል ድህነት ከሌሎቹ ጋር እንዴት ላወዳድር?

የበርካታ ታዳጊ አገሮችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ይዤ የቤተሰቦችን የኃይል ድህነት (ንጹህ ማብሰያ፣ መብራትና የመሳሰሉትን ማጣት) በባለብዙ ገጽታ የኃይል ድህነት መለኪያው (MEPI) እያሰላሁ ነው። ክብደቶቹ የተለመዱት ናቸው፦ ማብሰያ ነዳጅ 0.2፣ የቤት ውስጥ ጭስ 0.2፣ መብራት 0.2፤ ፍሪጅ፣ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን፣ ስልክ እያንዳንዳቸው 0.13። የጎደሉት ነገሮች ክብደት ድምር ከ0.3 ወሰን ካለፈ ቤተሰቡ ድሃ ይባላል።

ጣጣው ጭሱ ላይ ነው። አንዳንድ አገሮች ምድጃው ጭስ ማውጫ ይኑረው አይኑረው አልጠየቁም። የጭሱን አመልካች ከእነሱ ብቻ አውጥቼ የቀሪዎቹ ክብደት ድምር 1 እንዲሆን ሳስተካክል ነዳጁ 0.25 ገደማ ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ ተሟልቶለት ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ በእንጨት የሚያበስል ቤት ከድህነት ይወጣል። የጭሱን ክብደት ለነዳጁ ስደርበው ደግሞ 0.4 ይሞላና ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ሳይቀር ድሃ ይሆናል። በአገሮች መካከል የሚታየው ልዩነት እንግዲህ የኑሮ ሳይሆን የመጠይቅ ነው። ወሰኑን ለሁሉም ወደ 0.2 ሳወርድ ደግሞ ጭሱ በተጠየቀባቸው አገሮች ስልክና ፍሪጅ ብቻ የጎደላቸው (0.26) ድሃ ተብለው ገቡ።

ቤት ውስጥ አናበስልም ያሉትን (ኮድ 95) አስቀድሜ ለይቻለሁ፤ አለዚያ ከእንጨት ተጠቃሚ ጋር ይደባለቃሉ። የቤተሰብን የኃይል አቅርቦት ከ0 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች የሚመድበው የዓለም ባንክ ማዕቀፍ አያዋጣኝም፤ መብራት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚኖር መረጃው ውስጥ የለም።

የጭሱን አመልካች ከሁሉም አገሮች አውጥቼ ወሰኑን እንደ አዲስ ልወስን፣ ወይስ ጥያቄው ከተጠየቀባቸው አገሮች በመነሳት በነዳጅ ዓይነት፣ በገጠርና ከተማ እንዲሁም በሀብት ደረጃ ገምቼ ልሙላው?