ደማቅ ቀለም ስጠቀም ፊቱ ጭምብል ይሆንብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንዲት ሐዘንተኛ ሴት ፊት እየሳልኩ ነው። የቆዳዋን ቀለም መቅዳት አልፈልግም፤ ቀለሙ ራሱ ስሜቷን እንዲናገር ነው የምፈልገው። ግን ተጣብቄያለሁ።

የምሠራው በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን፣ ቶሎ በሚደርቅ ቀለም) ነው። ብርሃን ያረፈበትን ጉንጭ በብርቱካናማ፣ ጥላውን ነጭ በገባበት ሰማያዊ ቀባሁ። ጣጣው ያለው አፍንጫዋ ጎን ላይ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። እርጥብ እንዳሉ ከተነካኩ ጭቃ የመሰለ ግራጫ ይወጣል። ደርቆ ስደርብበት ደግሞ ጠርዙ እንደ ቢላ ይሰላና ፊቷ ጭምብል ይመስላል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ሚስቱን ሲስል ከግንባሯ ጀምሮ በአፍንጫዋ ላይ አረንጓዴ መስመር አውርዷል። መስመሩ ብርሃኑን ከጥላው ይለያል፤ ፊቱ ግን አልፈረሰም። በጣም ነው የሚገርመኝ!

ሥዕሉን በስልክ አንስቼ ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ጉንጩና ጥላው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ታዩኝ። ስለዚህ ጉዳዩ የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የንጣትና የጥቁረት ልዩነት አለመኖሩ ይመስለኛል። ግን ሰማያዊው ላይ ጥቁር ጠብ ሳደርግ ወዲያው ይሞታል።

ጥቁር ሳይነኩ፣ ቀለሙ ሕይወቱን እንደያዘ ጥላን ማጨለም እንዴት ይቻላል? ወይስ መጀመሪያ ብርሃንና ጥላውን በአንድ ቀለም ጨርሶ፣ ከዚያ ስስ አድርጎ መደረብ ይሻላል? የአፍንጫውን ጠርዝስ በምን ላለስልሰው? በዚህ መንገድ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከየትኛው ቀለም እንደምትጀምሩ እንኳ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።