መብራትና ሙቀት አንድ ላይ የሚሰጠው የጋዝ ሞተር ቶሎ ቶሎ ይቆማል፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ጀርመን ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ 1 ኪሎዋት መብራትና 2.5 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ የጋዝ ሞተር፣ 300 ሊትር የሙቅ ውሃ ታንከርና ብርድ ሲጠና የሚያግዝ ቦይለር አለ።

ሞተሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሠራና ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ታንከሩን ከ40 ወደ 70 ዲግሪ ማሞቅ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ ምንም ሙቀት ባይወስድ እንኳ ከአራት ሰዓት በላይ መሥራት ነበረበት። ነገር ግን ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ 60 ዲግሪ ነው፤ 10 ዲግሪ ብቻ ቀርቶት ምን ያሞቃል?

የዚህ ማሽን ጥቅሙ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው። ራሱ ያመነጨው መብራት ከመስመር የሚገዛውን የሚተካው ቤቱ መብራት በሚፈጅበት ሰዓት ከሠራ ብቻ ነው፤ ደጋግሞ መነሳት ደግሞ ሞተሩን ያስረጃል።

የራዲያተሮቹ አየር ወጥቷል፣ ማጣሪያው ንጹሕ ነው፣ ሞተሩን የሚያቆመው የሙቀት ሴንሰር ታንከሩ ታች ነው ያለው። የምንጠረጥረው ቦይለሩ ቀድሞ እየተነሳ ታንከሩን በሙቀት እንደሚሞላው ነው። የራዲያተሩ ፓምፕም በከፍተኛው ፍጥነት ላይ ነው፤ ውሃው ሙቀቱን ሳይሰጥ የሚመለሰው በዚህ ይመስለናል።

ጥያቄያችን፦ ቦይለሩን ስንት ደቂቃ ብናዘገየው ይሻላል? ወይስ መጀመሪያ ፓምፑን ዝቅ አድርገን ቅርብ ያሉትን ራዲያተሮች ቫልቭ እናጥብብ? ወደ ቧንቧዎቹ ሙቅ ውሃ የሚያዞረው ፓምፕ ሌሊትም አይቆምም፤ የታንከሩን ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እያማሰለው ይሆን? በሰዓት መቆጣጠሪያ እንዳናቆመው የሌጂዮኔላ (ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚራባ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ) ነገር ያሰጋናል። የሠራችሁበት ካላችሁ ቁጥሩን ጭምር ንገሩን።