ኮድ ከመጻፋችን በፊት ወተት ሰብሳቢዎቹን እንዴት እናሳትፍ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሱሉልታ ላሉ ወተት ሰብሳቢዎች አፕ ልንሠራ ነው። ገበሬው ያመጣው ሊትር ይመዘገባል፣ በየ15 ቀኑ ሒሳቡ ይወጣል። ባልደረቦቼ «መጀመሪያ ሠርተን እናሳያቸው፤ ባልተሠራ ነገር ላይ ምን አስተያየት ይሰጣሉ?» ይላሉ። እኔ ግን ከአሁኑ ይግቡበት ባይ ነኝ። የምፈራው ስብሰባ ብንጠራቸው «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለው እንዳይሄዱ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከለገጣፎ፦ ወንድሜ፣ ስብሰባውን ተወው። ጠዋት 12 ሰዓት ወተት መቀበያው ጋ ተገኝ። መጀመሪያ ደብተራቸውን አስፈቅደህ እይ፤ በተለይ ዳር ዳሩን። ላክቶሜትሩ (ወተቱ ውሃ እንደገባበት የሚለካው መሣሪያ) ዝቅ ብሎ፣ ውሃ አለበት ተብሎ የተመለሰ ወተት እዚያ ይጻፋል። ከሒሳብ የሚቀነስ የፉርሽካ ዕዳም እንደዚሁ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ይሄን የሚያስብ የለም።

ከዚያ ስክሪኑን ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳለው። «እትዬ፣ የዛሬ ጠዋቱን እዚህ ይመዝግቡልኝ» በላቸው። ጣታቸው የት ላይ እንደሚያመነታ እይ። አትርዳ፣ አታስረዳ። እርሳሱንም ስጣቸው። ያለቀ አፕ ስታሳየው ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፣ የተለፋበትን ማጣጣል ይከብደዋል። እርሳስ ላይ ግን ማንም ደፍሮ ይሰርዛል። ባልደረቦችህ የሚሉት የተገላቢጦሽ ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የስካንዲኔቪያ የዩቶፒያ ፕሮጀክት የጋዜጣ ማተሚያ ሠራተኞች የወደፊት መሣሪያቸውን ከነዳፊዎቹ ጋር ሆነው የሞከሩት በካርቶን ነበር። ሌዘር ፕሪንተሩ ባዶ ካርቶን ነበር።

ሌላ መልስ፦ በሐሳቡ እስማማለሁ። ሰዓቱን ግን አደራ። ስልኩ 6:00 ብሎ ጠዋትን ሲያሳይ ለእነሱ ቀትር ነው። ጾምንም ጠይቁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ አዲስ አበባ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ዋጋን አንድ ቋሚ ቁጥር አድርጋችሁ ከጀመራችሁ በኋላ ማፍረስ ነው። ደግሞ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው በአፍ መፍቻው ሲያወራ ነው ቅሬታውን የሚያወጣው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አፋን ኦሮሞ የምትችል ባልደረባ አለችን፣ አብረን እንሄዳለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ የተመለሰውን ወተት ሰብሳቢዋ ብቻዋን ከመዘገበች ገበሬው በምን ያምናታል? እሱንም ከወረቀቱ ጀምሮ ማስገባት አለብን ማለት ነው?

ከለገጣፎ፦ አዎ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥና ስለ ተመለሰ ወተት ሲከራከሩ ስማ። አፑ መፍታት ያለበት ያንን ክርክር ነው።