ጸጥ ያለ ሰፈር ቤት ለምትፈልጉ፦ አያት፣ ሳሚት፣ ለቡ ወይስ ለገጣፎ?

«የመሀል ከተማው ጫጫታ ሰለቸን፤ ከአዲስ አበባ ዳር ዳሩን ቤት ብንገዛ የት ይሻላል?» ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አጭሩ መልሴ ይኸው ነው። ሥራችሁ ቦሌ ወይም መገናኛ ከሆነ አያትና ሲኤምሲን እዩ። ሜክሲኮ ወይም ሣር ቤት ከሆነ ለቡን። ገንዘቡ ጠበብ ካለ ኮንዶሚኒየም፣ ግን ወረቀቱ ያለቀለት ይሁን። ለገጣፎና ሱሉልታ በየቀኑ መሀል ከተማ ለማይመላለስ ሰው ናቸው።

አያትና ሲኤምሲ ዛሬ ዳር የሚባሉ አይደሉም። ዋናው መንገድ ሰፊ ነው። ቀላል ባቡሩም ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ከአያት ተነስቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ከባቡሮቹ የሚሠሩት የተወሰኑት ብቻ ስለሆኑ ጠዋት መጋፋቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ታክሲ ሲጠፋ አማራጭ አለ ማለት ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ስትሉ የግቢ ቤት የበዛበት፣ ዛፍ ያለበት ጸጥ ያለ ሰፈር ታገኛላችሁ። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። አፓርታማ ለሚፈልግ ሪል እስቴቱም በየአቅጣጫው አለ። ያላለቀ ሕንፃ ላይ ከመክፈል ግን ያለቀና ሰው የገባበትን መግዛት ይሻላል እላለሁ፤ ትንሽ ቢወደድም። ሰው የገባበት ሕንፃ ላይ ሊፍቱ መሥራቱን፣ ጄኔሬተሩ መነሳቱን፣ ነዋሪው በየወሩ ለጥበቃና ለጽዳት ስንት እንደሚያዋጣ ጠይቃችሁ ትረዳላችሁ። በስዕል ላይ ያለ ሕንፃ ይህን አይነግራችሁም።

ሳሚትና ጎሮ ከአያት ትንሽ ይቀላሉ፤ ሱቁም ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው። አንድ ነገር ግን ደላላ አይነግራችሁም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። አውሮፕላኖቹ በዚያው መስመር ዝቅ ብለው ይመጣሉ። አንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ይለምደዋል፣ አንዳንዱ ሌሊት ሌሊት ይነቃል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ቤት ስታዩ ቀን ብቻ ሳይሆን ማታም ሄዳችሁ ግቢው ውስጥ ቁጭ በሉ።

ለቡ ለኔ ከሁሉም የተመጣጠነ ሰፈር ነው። ጎረቤቱ ጀሞ ሞቅ ያለ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ገበያ፣ ታክሲ ተራ፣ ጥብስ ቤት፣ ሁሉም አለው። ለቡ ያንን ሁሉ በቅርብ ርቀት እያገኘ ራሱ ዝም ያለ ነው። የድሬዳዋና የጅቡቲ ባቡር መነሻ የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያም በዚያው በኩል ነው፤ ምሥራቅ ዘመድ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ጠዋት መውጣቱ ነው። በመካኒሳም ሂዱ በላፍቶ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ከወጣችሁ መኪናው ይቆማል። ልጆቻችሁ መሀል ከተማ የሚማሩ ከሆነ ይህን ከምር አስቡበት።

ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ የኮንዶሚኒየም አገር ናቸው። ቱሉ ዲምቱ የአዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ አጠገብ ስለሆነ ደብረ ዘይት ወይም አዳማ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። የካ አባዶ አየሩ ንጹህ ነው፤ ማታ ጅብ ብትሰሙ አትደንግጡ። እነዚህ ሰፈሮች ሲጀመሩ ሱቅም ክሊኒክም አልነበራቸውም፤ አሁን ተሟልቶላቸዋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ጸጥታው ግን በብሎካችሁ ነው የሚወሰነው። አንዱ ብሎክ ግቢውን አጥሮ፣ ዘበኛ ቀጥሮ፣ አትክልት ተክሎ ይኖራል። ቀጥሎ ያለው ምድር ቤቱ በሙሉ ግሮሰሪ ሆኖ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ነው። የብሎኩን ኮሚቴ አግኝታችሁ ሳታነጋግሩ ቀብድ አትስጡ።

የውሃ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ዳር ሰፈር ሲባል ውሃ በፈረቃ ነው። ሻጩ «ውሃ ችግር የለም» ይላችኋል፤ የትም ሂዱ እንዲህ ነው የሚባለው። ሻጩን ተዉትና የጥግ ሱቁን፣ የጎረቤት ዘበኛን፣ ጀሪካን ይዛ የምታልፈውን ልጅ ጠይቁ። በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ሌሊት ነው ቀን? ግፊቱ ሮቶው ድረስ ይወጣል? በግቢ ቤት ቢያንስ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከነፓምፑ አለ ወይ ብላችሁ እዩ፤ ቤተሰቡ ሰፋ ካለ አምስት ሺህ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ከሆናችሁ ይህ ጥያቄ እጥፍ ይሆናል። ቆጣሪውንም አትርሱ፣ የውሃውንም የመብራቱንም። በራሱ ስም ቆጣሪ የሌለው፣ ከጎረቤት ተቀጥሎ የሚኖር ቤት ብዙ ነው። ሂሳቡ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ጎረቤት ያቆራርጣል።

ከውሃው ቀጥሎ መሬቱን እዩ። በከተማው ምሥራቅና ደቡብ ብዙው ቦታ ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በደንብ ያልወረደ ቤት አብሮ ይሰነጠቃል። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሳያችሁ ደስ አይበላችሁ። በበርና በመስኮት ጥግ በኩል በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ካለ ሲቪል መሐንዲስ ይዛችሁ ተመለሱ። ለመሐንዲሱ የምትከፍሉት ከደላላው ኮሚሽን ጋር አይወዳደርም። ሐምሌ ላይ ማየት የቻለ ደግሞ እድለኛ ነው፤ ጭቃውም፣ ጎርፉም፣ የሚያፈሰው ጣሪያም ያኔ ራሱን ያጋልጣል።

ለገጣፎ ሰፊ ግቢ፣ አጥር ያላቸው የሪል እስቴት መንደሮች፣ ንጹህ አየር አለው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ነው፤ ብርዱ የዋዛ አይደለም፣ ጠዋት ጠዋት አትሌቶች ሲሮጡ ታያላችሁ። ሁለቱም ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የይዞታ ካርታውም፣ ግብሩም፣ የስም ዝውውሩም የሚያልቀው እዚያ ነው እንጂ አዲስ አበባ አይደለም። ይህ ቤቱን መጥፎ አያደርገውም። ነገር ግን ድንበር አካባቢ ሲሆን ካርታው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ ሳታረጋግጡ ደላላው «ያው አዲስ አበባ ማለት ነው» ስላለ አትመኑ።

ወረቀት ላይ ደላላና ጠበቃ አይተካኩም። ደላላ ቤት ለማግኘት ጎበዝ ነው፣ የሚከፈለው ግን ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ጠበቃው ሽያጩ ቢፈርስም ይከፈለዋል። ስለዚህ «ይቅርባችሁ» የሚላችሁ እሱ ነው። አገራችን ላይ የምንገዛው ቤቱንና የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ? ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለ ግን ወደ እናንተ ይዞራል። ካርታው ላይ እግድ ወይም የባንክ ዕዳ አለመኖሩን ከመሬት አስተዳደር በደብዳቤ አረጋግጡ፤ ሻጩ የያዘው ኮፒ አይበቃም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለበት፣ ካላገባም ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ውሉ በውልና ማስረጃ ይደረግ። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው፤ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተነጋገሩ።

ኮንዶሚኒየም ላይ የአምስት ዓመት የመሸጥ ገደቡ ሳያልቅ በውክልና የሚሸጡ አሉ። ዋጋው ረከስ ስለሚል ያጓጓል። እኔ ግን አልመክርም። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ሰጪው ከሞተም ያበቃል። ያኔ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ነው። የጨረቃ ቤትማ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራው ማለቴ ነው፣ ስንት ቢረክስ ስሙንም አታንሱት።

ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሰፈር ተከራይታችሁ ብትኖሩ ጥሩ ነበር፤ ለብዙ ሰው ግን አይሆንም። ካልሆነ እሁድ ጠዋት፣ የሥራ ቀን ምሽት 12 ሰዓት ላይ እና ቅዳሜ ማታ ሂዱ። ሦስቱ ሰዓቶች ሦስት የተለያየ ሰፈር ያሳዩአችኋል። እድሩንም ጠይቁ። መግቢያው ስንት ነው? አዲስ ሰው ይቀበላሉ? እድር በደንብ የሚሠራበት ሰፈር ጥበቃውም ጽዳቱም ይሻላል፤ ይህን በብዙ ሰፈር አይቻለሁ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለምትገዙ አንድ ቃል ልጨምር። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ ማለት ነው፣ ቤት የመግዛት መብት ይሰጣችኋል። በቴሌግራም የተላከ ቪዲዮ ላይ ተማምናችሁ ግን ገንዘብ አትላኩ። ቪዲዮው ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው፣ ቧንቧውም ይፈሳል። የምታምኑትን ዘመድ ላኩ፣ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይዞ ይሂድ። ለዘመድ የምትሰጡት ውክልና ደግሞ ለመግዛት ብቻ ይሁን፤ መሸጥና ማስያዝ የሚል ቃል አይግባበት።