ፊዚክስ 201 ወይስ 241? ሒሳብስ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፎል (ከመጸው) ሴሚስተር ጀምሮ እዚህ አሜሪካ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ እገባለሁ። ሐሳቤ በኋላ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ነው። ፊዚክስ 201 እና 241 ግራ አጋቡኝ፤ ሁለቱም ላብራቶሪ አላቸው። 201 ይቀላል ይላሉ። አገር ቤት 12ኛን በናቹራል ሳይንስ ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደብተር አልነካሁም። ሒሳቡንስ ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከአንድ ሲቪል ኢንጂነር፦
እህቴ፣ 201ን ተዪው። በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ብቻ የሚሄድ ነው። ለኢንጂነሪንግ የሚፈለገው ካልኩለስ ያለበት 241 ነው፣ ቀጥሎም 242። 201ን ወስደሽ ብታልፊ እንኳ 241ን አይተካልሽም፤ እንደገና መክፈል ይመጣል።

ልዩነቱን በምሳሌ ልንገርሽ። የቆመች መኪና ተነሳች እንበል፤ አክሰለሬሽኗ (ፍጥነቷ በየሰከንዱ የሚጨምረው) ደግሞ 6 ሲባዛ ከተነሳች ወዲህ ባለፈው ሰከንድ ነው። ከ2 ሰከንድ በኋላ 12 ይሆናል። ታዲያ ፍጥነቷ 12 በ2 ተባዝቶ 24 ነው? አይደለም። አክሰለሬሽኑ እያደገ ስለመጣ ኢንቴግሬት ይደረጋል (በየቅጽበቱ የሚጨመረው ይደመራል)፤ መልሱ 12 ሜትር በሰከንድ ነው። 241 ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠብቅሻል።

መልስ፣ ከሒሳብ አስጠኚ፦
ሒሳቡ ካልኩለስ 263፣ 264፣ 265፣ ከዚያ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን 267 ነው። 12ኛ ላይ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ ስለተማርሽ ካልኩለሱ ባዳ አይሆንብሽም። ተማሪዎቼን የሚጥላቸው ትሪጎኖሜትሪ ነው። እሱ ከጠፋብሽ ከካልኩለስ በፊት የሚወሰደውን 167ን (ፕሪካልኩለስ ከትሪጎኖሜትሪ ጋር) ውሰጂ። 5 ክሬዲት ነው፣ ጠንከር ይላል፤ ግን ፕሪካልኩለስን ለሁለት የከፈሉትን 161 እና 162ን በሁለት ሴሚስተር ከመጎተት ይሻላል።

መልስ፣ ከፋርማሲ ተማሪ፦
201 ከንቱ ነው እንዳይባል ብዬ ነው፤ ወደ ጤናው መስመር ለምንሄድ ብዙ ቦታ ይበቃል። የምትዛወሪበት ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን ዝርዝር ከመመዝገብሽ በፊት እይው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ትሪጎኖሜትሪው ጭራሽ ጠፍቶኛል፤ 167 ይሁን። 241ን ከ263 ጋር አንድ ላይ ልያዘው?

መልስ፣ ከሒሳብ አስጠኚ፦
ይፈቀድ እንደሆነ ኮሌጁን ጠይቂ። ቢፈቀድም ሥራ እየሠራሽ ከሆነ አልመክርሽም፤ 263ን ለብቻ ጨርሺና 241ን ከ264 ጋር ያዢው። ለፎል 167 ላይ እንግሊዝኛ 111 እና ኬሚስትሪ 111 ጨምሪ። ድምሩ 12 ክሬዲት ይመጣል፤ ከዚያ ካነሰ የፌዴራሉ መንግሥት የትምህርት እርዳታ ይቀንስብሻል።